ሳምንቱ አላለቀም

ወላሂ፣ ይቺ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ናት። ኦክላንድ ውስጥ የምታገኙት የወሎ ሰው ሁሉ "ኢሊያስ የነገራችሁን ለሦስት አካፍላችሁ አንዱን ብቻ ውሰዱ" ይላችኋል። አትስሙት። እሱ ነፋሱ ሄልሜቴን ሲወስደው አላየም። ሶሌዳድ ከተማ አጠገብ ሞተር ላይ ነበርን፤ ማሰሪያውን ላላ አድርጌ ሳዛጋ ነፋሱ ከአናቴ ላይ መንጭቆ ይዞት ሄደ። ኪንግ ሲቲ ስንደርስ ነዳጅ ማደያው በር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀን፤ ሃያ ማይል ቀድሞን። ምስክሬ ሳሊሕ ነው። እሱን ጠይቁት እንዳልላችሁ ደግሞ ስሜ ሲነሣ ከቤት ይወጣል። ወሬዬም ይኸው ነው።

ሳሊሕና እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ አጥር ተጋርተን ያደግን ነን። እዚህ እሱ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ እኔ ምግብ ዴሊቨር አደርጋለሁ። ሳሊሕ አንድ ያረጀ ጎልድ ዊንግ ሞተር ገዛ፤ ሞተር አይባልም፣ ጎማ የተገጠመለት ሶፋ ነው። በጁን መጀመሪያ እሱ ላይ ሆነን ከኦክላንድ ሳንዲያጎ ደርሶ መልስ ወጣን። ዘጠኝ ቀን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ አወራለሁ። ቁርሳችን በሶ፣ ምሳችን በሶ፣ እራታችን ዳቦ በቱና። ካልሲያችንን ጠዋት አጥበን መስተዋቱ ላይ እናስረዋለን፤ በሰባ ማይል ፍጥነት ካልሲ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። የኔ ግራ ካልሲ ሳንታ ባርባራ ቀርቷል፤ አሁን ሳይኖርበት አይቀርም። ሰላት ሲደርስ የሞተሩን አፍንጫ ወደ ቂብላ አዙረን ከኋላው እንሰግዳለን።

ጉዞው ለሳሊሕ ድፍረት መሰብሰቢያ ነበር። ለአረፋ ደሴ ሊገባ ትኬት ቆርጧል፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቱን እማ መይሙናን ሳይሰናበታት ነው የወጣው። ዲቪ ሲደርሰው እንዴት እንደሚነግራት ጠፋው፤ ወንድ ልጇ እሱ ብቻ ነው። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "አዲስ አበባ የአንድ ሳምንት ሥልጠና አለብኝ በላት፤ አሜሪካ ገብተህ ስትደውልላት ትስቃለች" አልኩት። የሰባት ቀን በሶ ቋጠረችለት። ከኦክላንድ ደውሎ ሲነግራት አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። "እሺ። ሳምንቱ ሲያልቅ ና" አለችው።

ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር ሰላምታዋ አንድ ነው፦ "ሳሊሕዬ፣ ሳምንቱ አላለቀም?"

"ትንሽ ቀረው እማ" ይላታል እየሳቀ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን ሊታጠብ ይነሣል። አንዴ ሥራ፣ አንዴ ጦርነት፣ አንዴ የልጅ ነገር እያለ ሳምንቱ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቆ "አፉ በይኝ" ብሏት አያውቅም።

"እግሯ ላይ ወድቄ ነው የምላት" ይለኛል በጉዞው ሁሉ። "አፉ ካለችኝ፣ በቃ፣ ሰው ሆንኩ።"

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፓሶ ሮብልስ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ሳሊሕ ሽንት ቤት ገብቶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሀምዛ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌያችን።

"ኢሊያስ፣ ብቻህን ነህ?"

"የለም ጋሽ ሀምዛ፣ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሲሲ ጋር ነኝ።"

"ቀልዱን ተው። መይሙና ሞታለች። ዛሬ በደሴ ከሰዓት፣ አስር ሰላት ላይ ቀብረዋታል።"

ወደ ሽንት ቤቱ በር ዞር ብዬ አየሁ።

"እህቱ ነሲባ ዛሬ ማታ ከሲያትል ትገባለች። ነገ ማለዳ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ቤቱ ተሰብስበን እናረዳዋለን። እስከዚያ እንዳይሰማ። ሞተር ላይ ሆኖ ከሰማ ሁለታችሁንም ነው የምንቀብራችሁ።"

"ጋሽ ሀምዛ፣ እኔ እንዴት አድርጌ…"

"አንተ ደግሞ! ዕድሜህን ሙሉ በነጻ ስትዋሽ ኖረህ፣ አንድ ቀን ለአላህ ብለህ ዋሽ።"

መጀመሪያ የሳሊሕን ስልክ ከሞተሩ መሪ ላይ ነቅዬ የበሶው ከረጢት ሥር ቀበርኩት። ፌስቡክ ሽማግሌ አይጠብቅም።

"ስልኬስ?" አለ ሲመጣ።

"ቁራ ወሰደው።"

"ምን?"

"ትልቅ ቁራ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቀለ።"

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲፈልግ ቆይቶ፣ እኔ ጥዬው ልደብቅ የፈጠርኩት ነው ብሎ ደመደመ። ሞተሩን አስነሣ። ወገቡን ይዤ እስከ ጊልሮይ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ዞሮ "አመመህ እንዴ?" አለኝ።

ችግሩ፣ በዚያ አያያዝ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ልንገባ ነው። ሞርጋን ሂል ላይ "ሽንቴ መጣ" ብዬ አስቆምኩትና እሱ ውሃ ሊገዛ ዞር ሲል ዋናውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ሶፋው ሞተ።

ከመንገዱ ማዶ የካራቫን ፓርክ ነበር፤ ቤታቸውን ከመኪና ኋላ የሚጎትቱ ሰዎች የሚያርፉበት። ሞተሩን እየገፋን ገባን። ጠባቂዋ ሮዝ ነጠላ ጫማ ያደረገች አሮጊት ናት። ከኋላዋ ጣዎስ ይከተላታል። ወላሂ ጣዎስ፤ ጭራውን እየጎተተ፣ እንደ ሙሽራ። በሁለት ካራቫኖች መሃል ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ሰጠችን። ቧንቧው ጋ ጃኬቴን ሰቅዬ ለሰላት ዉዱ ሳደርግ ጣዎሱ ፊውዙን ከኪሴ ለቅሞ ሮጠ። አሥራ ስምንት ጊዜ ካራቫኖቹን ዞርን። ሰዎቹ ወንበር አውጥተው አዩን።

"ምን ወሰደብህ?" አለኝ ሳሊሕ።

"ክብሬን።"

ፊውዙን አስጥዬ ስመለስ ሳሊሕ ቆሞ ጠበቀኝ። "ቤታችን አንድ ሰዓት ቀርቶት ድንኳን? ኢክራምን ኮል አድርግልኝ፣ በመኪና ትምጣ።"

ኢክራም ሚስቱ ናት። ስልኩን ያነሣችው ግን ልጁ ሰልዋ፣ የዘጠኝ ዓመቷ። "ዳዲ! ኤቭሪባዲ ኢዝ ሂር!"

"ማን ኤቭሪባዲ?"

ስልኩ ተነጠቀ። "ካርቱኗን ነው" አለች ኢክራም። "መኪናው ጎማው ተንፍሷል። እዚያው እደር፣ እሺ የኔ ሆድ?"

ስልኩን ሲመልስልኝ ፈገግ ብሎ ነበር። "የኔ ሆድ ካለችኝ አራት ዓመቷ ነው። በየዘጠኝ ቀኑ መጥፋት ነው።"

ምሽት ሁለት ሰዓት ሆነ። የጁን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ደሴ ግን የጁምዓ ማለዳ ነው፤ ሁልጊዜ የሚደውልላት በዚህ ሰዓት ነው። "ስልክህን አምጣ" አለኝ። "ላናግራት ነው። ደግሞ ዛሬ እላታለሁ። ፊቷን እያየሁ አልችልም፤ ከመሄዴ በፊት በስልክ ብያት ልገላገል።"

"ለአረፋ አይሻልም?"

"ሐሳቤን ሳልቀይር አምጣ።"

እዚያ ቤት ደውሎ የሚሰማውን አውቃለሁ። ለቅሶውን ነው የሚሰማው፤ ከአንድ የተሰበረ ሞተር አጠገብ፣ ሰው በሌለበት፣ እህቱ ሳትይዘው።

እኔ ሁለት ስልክ አለኝ፤ አንዱ የሥራ ነው። ጀርባዬን አዙሬ የሥራ ስልኬን ቁጥር "እማ መይሙና" ብዬ ሴቭ አደረግኩና የራሴን ሰጠሁት። "ሆዴን ቆረጠኝ" ብዬ የፓርኩ ልብስ ማጠቢያ፣ ላውንድሪው ውስጥ ገባሁ። ልጆች ሳለን በአጥሩ ላይ በእማ መይሙና ድምፅ እየጠራሁት ከኳስ ሜዳ አስመልሰው ነበር። ካደግን ወዲህ ትቼዋለሁ። ዕቅዴ አጭር ነበር፤ ሰላም እላለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ በቃ።

ኪሴ ውስጥ ጠራ።

"አሰላሙ አለይኩም እማ።"

ጉሮሮዬን አጠበብኩ። "ወአለይኩም ሰላም። ሳሊሕዬ፣ ሳምንቱ አላለቀም?"

"ትንሽ ቀረው" አላለም። "ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አለ።

ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ የአንዱ ሰው ጫማ እየተንከባለለ ነው። "ወፍጮ ነው ልጄ። ጎረቤት ወፍጮ ተከሉ።"

"እማ፣ ያኔ በሶውን ስትቋጥሪልኝ ተኝቼ አልነበረም። አይሽ ነበር። ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ዋሸሁሽ። አፉ በይኝ።"

መዝጋት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ግን በመስኮቱ አየሁት። ጫማውን አውልቆ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኳል፣ ከፊቱ የተቀመጠች ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

"አፉ ብየሃለሁ" አልኩ በእማ መይሙና ድምፅ። እሱም አልበቃኝ። "ሳምንቱም አለቀ ልጄ።"

ስመለስ አቀፈኝ። ለምን እንዳለቀስኩ አልጠየቀኝም፤ እሱም እያለቀሰ ነበር። እንደዚያ ተኝቶ አይቼው አላውቅም።

ሱብሂ ሰግደን ፊውዙን መለስኩና "ነካ ነካ ሳደርገው ተነሣ" አልኩት። ሳን ሆዜን ስናልፍ መንዙማ ያንጎራጉር ነበር። እኔ ጀርባው ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ መንገዱ እንዲረዝም ዱዓ አደረግኩ። መንገዱ ያን ቀን እንደ ክፉ ነገር አጠረ።

ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ያለው ቤቱ ስንደርስ በረንዳው በጫማ ተሞልቷል። ሳሊሕ ሄልሜቱን አውልቆ ጫማዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። "ይሄ ያንተ ሥራ ነው! ለደሴ መሸኛ ሰርፕራይዝ! ለዚህ ነው ሞተሩን ያበላሸኸው!" ሳቁን ሳይጨርስ ገባ።

ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ነሲባ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛለች። ጋሽ ሀምዛ ተነሡ። "ሳሊሕ፣ ተቀመጥ ልጄ። ሁላችንም የአላህ ነን። እናትህን ወስዷታል።"

ሳሊሕ ወደ እኔ ዞረ፤ አሁንም ፊቱ ላይ ሳቅ አለ። "ጋሽ ሀምዛ፣ እርስዎም ከዚህ ጋር ተደረቡ? በእናት ይቀለዳል?"

"ቀልድ አይደለም። ትናንት ተቀብራለች።"

"ትናንት ማታ አናግሬያታለሁ እኮ! በሱ ስልክ፣ ጠይቁት። አፉ ብላኛለች። ሳምንቱ አለቀ ብላኛለች!"

"ሳሊሕ፣ ቃሬዛው ሲወጣ በቪዲዮ አይቻለሁ" አለች ነሲባ። ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሀምዛ በቁርአን ማሉለት። ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ነበርኩ" አልኩ።

"ዝም በል አንተ፣ ቁራ!" አለኝ።

እኔን ማን ያምናል? ስንት ዓመት ሙሉ እንዳያምነኝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። ጉሮሮዬን አጠበብኩና እዚያው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በልጇ በነሲባ ፊት፣ በሟቿ ድምፅ ተናገርኩ።

"ሳሊሕዬ፣ ሳምንቱ አላለቀም?"

ነሲባ ጮኸች። የሳሊሕ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልሄደም፤ የት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል እዚያው ቀረ፣ ከዚያ ፈረሰ።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልያዘውም። በኋላ ቀና ብሎ፣ "አፉ ያለኝም አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እሷ የለችበትም?"

"የለችበትም።"

ጋሽ ሀምዛ ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው አወጡኝ። "ዋሽ አልኩህ እንጂ" አሉኝ፣ ቃሉን ሳይጨርሱት ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ሁሉ ጫማ መሃል የራሴን እስካገኝ ብዙ ቆየሁ።

የደበቅኩትን የሳሊሕን ስልክ በሶው እንደተነሰነሰበት ለኢክራም ሰጠኋት። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሥራ ስልኬ ጠራ። ሳሊሕ ነው። አነሣሁት። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ አይናገርም። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። ልሞክር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የእማ መይሙና ድምፅ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ዘጋ። በሁለተኛውም ሐሙስ እንደዚያው። በሦስተኛው ሐሙስ ግን "ኢሊያስ" አለኝ።

"አቤት።"

"አፉ ብየሃለሁ። ያንተም ሳምንት አለቀ።"

እንግዲህ ወሬዬን ጨረስኩ። ሄልሜቱ እውነት ነው። ጣዎሱም እውነት ነው፤ ሞርጋን ሂል ሂዱና ሮዝ ነጠላ ጫማ ያላትን ሴትዮ ጠይቁ። ድምፁም፣ ጫማዎቹም፣ ሁሉም እውነት ነው። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ሳሊሕ ምንም አላለም። ደወለ፣ ተነፈሰ፣ ዘጋ፤ እስከ ዛሬም በየሐሙሱ እንደዚያው ነው። ከወሬው ሁሉ "አፉ ብየሃለሁ" ያለኝን ብቻ ነው እኔ የጨመርኩት።