የአባዬ ኪስ

ስሚኝማ የኔ እህት፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? ይቺ ሚጢጢ ከተማችን የተቆረቆረችበት ስልሳኛ ዓመት ሲከበር፣ ሁሉም ቤት አንድ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ያምጣ ተባለ። ካረጀ ልብስ በይው፣ ከመጋረጃ በይው። ያ ሁሉ አንድ ላይ ተሰፍቶ የመድረኩ መጋረጃ ይሆናል፤ ከተማዋ ማለት እኛው ነን ለማለት። አያምርም? እኔማ ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የሚሰፋው ደግሞ እኛ ቤት። እማ ልብስ ሰፊ ናት አይደል፤ ሳሎኑ በጨርቅ ተሞልቶ ድመቷ እንኳ መግቢያ አጣች። እማ በመኪና፣ እኔና ግራዬ በእጅ። ግራዬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ በግራ እጇ ስለምትሠራ ነው ግራዬ የምንላት። መርፌ ያስያዘቻት እማ ናት። ስፌቷ ሁሌ ወደ ማዶ ስለሚያዘነብል እማ «ያንቺስ ነፋስ የመታው ሣር ነው የሚመስለው» እያለች ትስቅባታለች።

ከኛ ቤት የገባው የአባዬ የሥራ ቱታ ኪስ ነው። እስኪሞት ድረስ የከተማውን የውሃ ሞተር ያንቀሳቅስ የነበረው አባዬ ነው። ኪሱ ላይ ያለችው የግራሶ ጠብታ እስካሁን አለቀቀችም፤ እማም ላስለቅቅሽ አላለቻትም። ልክ መሃል ላይ ሰፋችውና «በዓሉን ከፊት ሆኖ ይየው» አለች። ለራሷም ቀሚስ ሰፋች፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ።

መጋረጃው ሲያልቅ ግራዬ ልተኩሰው ብላ ወሰደችው። አጎቷ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ አፉ እንደ ድምፅ ማጉያ ስለማያርፍ ጋሼ ሞንታርቦ ነው የምንለው።

የበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ግጥም ብሏል። እማ ከፊት ተቀምጣለች። መጋረጃው መድረኩ ላይ ሲዘረጋ ጭብጨባው ቀለጠ፤ እማ ግን አላጨበጨበችም። የአባዬ ኪስ የለማ! በቦታው የዱቄት ፋብሪካው ምልክት፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጨርቅ።

«ምናልባት ሌላ ጋ አዙረውት ይሆናል» አለች። ዓይኗ ከጥግ እስከ ጥግ ይፈልጋል።

ጋሼ ሞንታርቦ «ዛሬ ሁላችንም እዚህ ነን! ማንም አልቀረም!» ይላል።

እኔ ሆዬ ተነስቼ ተጠጋሁ። በምልክቱ ዙሪያ ያለው ስፌት ወደ ማዶ አዘንብሏል። ነፋስ የመታው ሣር።

ከመድረኩ ጀርባ አገኘኋት።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ባለ ፋብሪካው መሃሉን ካልሰጣችሁኝ ወንበርም ድንኳንም የለም አለ። ጋሼ ደግሞ የሞተ ሰው አይቀየምም አለኝ።»

«እማስ? እማም ሞታለች?»

ትናንት እኮ ግራዬ እኛ ቤት ነበረች! እራት በልታ፣ የእማን ቀሚስ ጫፍ ዘምዝማላት፣ «እትዬ፣ ሲያምርብሽ!» ብላ ስማት ነው የወጣችው። ለካ ኪሱ ያኔ ተፈትቶ አልቆ ነበር።

ቦርሳዋን ከፍታ ኪሱን አወጣችልኝ። ተተኩሷል፤ እንደ መሐረብ ተጣጥፏል።

«ምን ብዬ ነው ለእማ የምሰጣት?» አልኳት።

ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ሌላ ሰው ቢሆን በመቀስ ነበር የሚቆርጠው፤ ግራዬ ግን ክር በክር ነው የፈታችው በያት።»