ሦስት ጭልፊት

«አንቺ፣ ከደጁ ገባ በይ! ሰው እያየሽ ነው» አለች ማንጋይ ከውስጥ።

ሴንባገም እንዳልሰማች ሆነች። አንድ እግሯን በሩ ደፍ ላይ እንዳሳረፈች ነው። ከደፉ ወዲያ መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል። ታጥቦ፣ ጸጉሩ ገና ሳይደርቅ፣ አበባና ኮኮናት የያዘ ሕዝብ ወደ መቅደሱ ይጎርፋል። የመቅደሱ ግንብ ከደጇ ስልሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ካህናቱ እስከ ጫፉ ወጥተው የተጸለየበትን ውሃ በጉልላቱ ላይ ያፈስሳሉ፣ ከታች የቆመውንም ሕዝብ እስኪበሰብስ ይረጩታል፤ ይህ የሚሆነው በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴ ነው። ውሃው ሲፈስ ጭልፊት መጥቶ ግንቡን ይዞራል። የመቅደሱ ጌታ ራሱ ለመምጣቱ ምልክቱ እሱ ስለሆነ፣ ሕዝቡ አንገቱን አንጋጦ የሚጠብቀው ጭልፊቱን ነው።

አማቷ ኮማላ ካረፉ ደግሞ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። አሥራ ስድስተኛው ቀን ሳይወጣ ሐዘንተኛ መቅደስ አይረግጥም።

ሰው በሞተ ሰው ይቀየማል? ሴንባገም ተቀይማለች። አሥር ቀን እንኳ ቆይተው ቢሞቱ ምን ነበረበት?

አዲሱን አረንጓዴ ሳሪዋን ከበሩ ጀርባ፣ ሩዝ ጆንያው ላይ አጣጥፋ ደብቃለች። ባሏ ለሐዘኑ ሥርዓት ከወንድሞቹ ጋር ወንዝ ወርዷል። የሚጠብቃት የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ማንጋይ ብቻ ናት። ማንጋይ ለአፍታ ዞር ካለች ሳሪዋን ጣል አድርጋ መውጣት ነው። በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መካከል ማን ሐዘንተኛ ናት ይላታል?

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አዲስ ሙሽራ ነበረች። የበዓሉ ዋዜማ የወር አበባዋ መጣ። ምንጣፏንና ሳህኗን ይዛ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ካለችው ጨለማ ክፍል ገባች። ከበሮውንና መለከቱን ከግድግዳ ጀርባ ሆና ሰማች። በኋላ ኮማላ ከእግር እስከ ራሳቸው በስብሰው መጡ። በትንሿ መስኮት ሦስት ጣታቸውን አሳዩአት።

«ሦስት ጭልፊት! አንድ እንዳይመስልሽ፣ ሦስት!»

ዘወር ብለው ሲሄዱ ሴንባገም በለቅሶ ፈነዳች። ኮማላ ምላሳቸው መርዝ ነበር፤ ወጡ ጨው ቢበዛበት ለሳምንት አይረሱላትም። ያን ሁሉ ችላዋለች። እነዚያን ሦስት ጣቶች ግን ይቅር ሳትል ኖረች። ባለፈው ወር ኮማላ አልጋቸው ላይ ሆነው ለበዓሉ፣ ለእሷና ለራሳቸው፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሳሪ ሲያስገዙም፣ «አሁን ደግሞ ከጎኔ ቆመው ሊቆጥሩልኝ ነው» ብላ ነበር በሆዷ።

ጎረቤታቸው እማማ ሊላ ጸጉራቸውን በነጭ አበባ አስጊጠው መጡ። ለሐዘንተኞቹ ያመጡትን የቡና ማሰሮ ከደጅ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ቶሎ ወደኋላ አፈገፈጉ።

«እንዳትነኪኝ ልጄ፣ ታጥቤያለሁ። እኔ ስርቅ አንሺው።»

«ይቅናዎት፣ እማማ። ለእናታችን ሦስት ከመጣላቸው ለእርስዎ አራት ይምጣልዎት!»

«ምን ሦስት?»

«ጭልፊት ነዋ። ያኔ ያዩት።»

አሮጊቷ ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ኮማላ? ኮማላ መች ሄደችና! እኔ ጓሮ ተቀምጣ አበባ በክር ስትሰካ ነው የዋለችው።»

«በስብሰው ነው እኮ የመጡት!»

«ከእኔ ጉድጓድ ነዋ! ከበሮው ሲያበቃ አንድ ባልዲ ቀድታ አናቷ ላይ ቸለሰችው። ‹አበድሽ እንዴ?› ብላት፣ ‹ልጅቷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እኔ በምን ዓይኔ ልየው? ግን ደርቄ ከገባሁ በእሷ ምክንያት መቅረቴን ታውቅና ስትሳቀቅ ትኖራለች› አለች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። እንግዲህ እሷው ይቅር ትበለኝ።» ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «ሦስት አለችሽ? ወይ ኮማላ! ስትዋሽም ቆጥባ አታውቅ!»

መለከቱ ተነፋ። እማማ ሊላ እየተጣደፉ ሰው መሐል ገቡ።

ማንጋይም አላስቻላትም። «ጣሪያ ላይ ወጥቼ ልይ። ማየት አይከለከል!» ብላ ወደ መሰላሉ ሮጠች።

በሩ ላይ ማንም የለም። ሴንባገም ከበሩ ጀርባ ሳሪዋን አነሳች። አንድ እግሯ ደፉን አለፈ። ስልሳ እርምጃ ነው፤ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ማን ይጠብቃል? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠላቻት ሴት በሰው ጓሮ አበባ ስትሰካ ታየቻት። እግሯን መለሰች። በሩንም ዘጋችው።

ኮማላ የተገነዙበት ቦታ ላይ፣ ቤቱ መሐል ባለው ጣሪያ አልባ ግቢ ዳር፣ ለነፍሳቸው የተቀመጠ መብራትና አንድ ዋንጫ ውሃ አለ። አጠገቡ ቁጭ አለች። ሳሪውን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከበሮው ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። ወዲያው የሕዝቡ ጩኸት ከተማውን ሞላው።

ቀና አለች። ከግቢው በላይ ባለችው ቁራጭ ሰማይ አንድ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል።

«መጣ! አየሽው?» ጮኸች ማንጋይ ከላይ። «አንድ ነው! አንድ!»

ሴንባገም ወደ መብራቱ ዞረች። እጇን አንስታ ሦስት ጣቷን አሳየችው።