ጠርሙሱ ላይ የቀሩት

ተመራማሪዋን ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ነገር በዓይን የማይታይ አንድ ባክቴሪያ ነው። ሌላው መኖ ሁሉ በድርቅ ሲያልቅ ለምልሞ የሚቆይ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ግን ለከብት መርዝ ነው። ይህ ባክቴሪያ መርዙን ያፈርሰዋል። ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ይፈላል፣ ይራባል፣ የሚያክለው የለም። የላም ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ግን በአምስተኛው ቀን ደብዛው ይጠፋል።

ያልሞከረችው ነገር የለም። የላቦራቶሪው ላም «እሜቴ» ጎኗ ላይ በጎማ ክዳን የሚዘጋ ቀዳዳ አላት፤ በዚያ በኩል ባክቴሪያውን አሥራ አንድ ጊዜ ሰጠቻት። መጠኑን ጨመረች፣ መኖውን ለወጠች። እሜቴ እያመነዠከች ታያታለች እንጂ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ የደግ ሰው ትዕግሥትም ግን ያልቃል።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ የመዝጊያ ሪፖርት ጻፊ» አሏት። «ባክቴሪያው ለጨጓራ አይሆንም በይና እንገላገል።»

ሪፖርቱን ልትጀምር ተቀመጠች። አጠገቧ፣ ሃያ ዓመት ጠርሙስ በማጠብ ስሙን ያተረፉት እትዬ ብሩሽ ዕቃ ያጥባሉ።

«የኔ ልጅ፣ ጠርሙሶችሽ እኮ ጨዋ ሆኑልኝ» አሉ።

«እንዴት?»

«ድሮማ እጄ እስኪገነጠል ነበር የምፈትጋቸው! ሙጫ የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አሁን በአንድ ውሃ ይጠራሉ። ምን ቀየርሽ?»

«ኧረ ምንም!»

አለች እንጂ ብዕሯን አስቀመጠች። ሙጫው የት ሄደ? የገዛ እጇን አሰበች። በየሁለት ቀኑ ባክቴሪያውን ወደ አዲስ ጠርሙስ ስታዛውር በመርፌ የምትስበው ሁልጊዜ ከመሃል፣ ከፈሳሹ ነው፤ ዝቃጩንና ግድግዳውን እንዳትነካ ተምራለች። የሚንሳፈፉት ወደ አዲሱ ቤት ሲያልፉ፣ የሚጣበቁት ከነጠርሙሳቸው እትዬ ብሩሽ እጅ ይወድቃሉ። ይኸው ሦስት ዓመት።

ጨጓራ ደግሞ የቆመ ጠርሙስ አይደለም። ምራቅና ውሃ ከላይ ይወርድበታል፣ ፈሳሹ ሳይውል ሳያድር ተጠርጎ ይሄዳል። ሣሩን ይዞ የተጣበቀ ይሰነብታል። የተንሳፈፈውን ወይ ጎርፉ ይወስደዋል፣ ወይ እዚያው የሚኖሩ ተለቅ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይውጡታል። እሷ መጣበቅ የማያውቁትን እየመረጠች አሳድጋ ወንዝ ውስጥ ስትጥል ነው የኖረችው! ክው አለች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው።

«እትዬ፣ ያቺን አይጠቧት!»

ከመጨረሻው ጠርሙስ ፈሳሹን አንድም ጠብታ ሳታስቀር በመርፌ ስባ ደፋችው፤ በባዶው ውስጥ አዲስ ምግብ ጨመረች።

«ልጄ፣ ባዶ ጠርሙስ ታበያለሽ እንዴ?» እትዬ ብሩሽ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እስቲ የቀረ ካለ እንየው።»

በማግስቱ ምግቡ ትንሽ ደፍረስ ብሏል። እንደገና ደፋች፣ እንደገና ጨመረች። በየቀኑ ድሮ ታስቀምጠው የነበረውን እየጣለች፣ ድሮ የምትጥለውን ታስቀምጥ ጀመር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እትዬ ብሩሽ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው «ይኸው፣ ጠላቴ ተመለሰ!» አሉ።

ለእሜቴ ሰጠቻት። በአምስተኛው ቀን ከጨጓራዋ ሣር አውጥታ፣ ከመርዙ በቀር ሌላ ምግብ በሌለበት ሳህን ላይ ዘራችው። በማግስቱ ሳህኑ ላይ የበቀሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ሺህ?»

«ዘጠኝ።»

አሥራ አንድ ጊዜ ዜሮ ያነበቡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። የመዝጊያውን ሪፖርት ሲጠይቋት አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። «ባክቴሪያው ለጨጓራ ይሆናል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዋ አለ። አንብበው ቀና ሲሉ እንባዋ ይወርዳል፤ ደስታ ይሁን እፍረት ራሷም አላወቀችውም።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። «ሂጂ፣ ነገ የእሜቴ ሰባተኛ ቀን ነው፤ እንደገና ቁጠሪ።»