መርፌው የለቀቀው ቁልፍ

የተማሪዎች ሚኒባስ የሚነዳው የልብስ ሰፊዋ ወንድም እንደ ወትሮው ሱቋ ደጃፍ ላይ የቆመችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጎ ገባ። ትንፋሹ ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የጣለውን የመኪና ቁልፍ ብድግ አድርጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ጠጥተሃል።»

«ሁለት ቢራ። ጓደኛዬ መኪና ገዝቶ ምሳ ሲጋብዝ ውሃ ልጠጣለት?»

«አሁን ልጆቹን ልታመጣ አይደል እንዴ?»

«እታለም፣ ይቺን መንገድ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳት።»

«የፈራሁትም እሱን ነው።»

እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ከሚመጡት ልጆች አንዷ፣ ጋቢና ካልተቀመጥኩ ብላ የምታስቸግረው፣ የራሷ ልጅ ናት።

«አምጪው በቃ። ትምህርት ቤቱ ሊለቀቅ ነው፣ በር ላይ ፀሐይ ይፍጃቸው?»

ይሄ አባባሉ ልቧን ለሁለት ከፈለው። ከመርፌዎቿ ሁሉ ቀጭኗን መዝዛ ከክር ጋር ሰጠችው።

«አስገባና ቁልፍህን ውሰድ። ካቃተህ ለባልደረባህ ደውለን እሱ ያመጣቸዋል።»

ክሩን በምላሱ አረሰ፤ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ዋጠ። ባንድ ጊዜ አስገባው።

«እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማን ነበር የሚያስገባላት?» አለ፣ መርፌውን እየመለሰላት።

ረስታው ነበር። በገዛ ገመዷ ታሰረች። ቁልፉን ሰጠችውና ተከትላው እስከ በሩ ወጣች።

ሚኒባሱ አፍንጫውን ከሱቁ ፊት ለፊት ላለው ግድግዳ ሰጥቶ ቆሟል፤ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። ከኋላው፣ ራቅ ብላ፣ አሻንጉሊቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማለች። ሁልጊዜም የምትቆመው እዚያው ነው።

ሚኒባሱ ወደ ኋላ መጣ። ይቆማል ስትል አልቆመም።  ቋ አለ። ፍሬን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ወርዶ ዞረ። ከጎማው ሥር አንድ ሰማያዊ እጅጌ ብቻ ይታያል።

«እዚህ መሆኗን አውቃለሁ እኮ» አለ።

«ታውቃለህ። አሁን ስትገባ ጉንጯን ይዘሃታል።»

«ፍሬኑን ረግጬው ነበር። የረገጥኩት መስሎኝ ነበር... እግሬ ቆየብኝ።»

እጇን ዘረጋች። ቅድም በመርፌው ያስለቀቀውን ቁልፍ መልሶ አቀበላት። ባልደረባው ጋ ደወለች፤ ቅርብ ነኝ፣ አሁኑኑ ሄጄ አመጣቸዋለሁ አላት።

ወንድሟ ተንበርክኮ ከሚታየው እጅጌ ላይ የጎማውን ዱካ በመዳፉ ያሻል።

«ተወው፣ አይለቅም» አለችው። «ልጄ ሳትደርስ ወደ ውስጥ አስገባልኝ።»

መኪናውን እሷው ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ አደረገችለት። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጁን ከአንገቷ ሌላውን ከጉልበቷ ሥር አስገብቶ፣ አሻንጉሊቷን እንደ ሰው አቅፎ አነሳት።