የሚተነፍስ ሰው አይለቀስለትም

የገነተ ማርያም ሰው ወሬ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ፤ የቁም ሰው መርዶ ግን አልወድም።

ባሌን ደሳለን ጭንቅላቱን በዱላ የመታው ጎረቤታችን ታፈረ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅተን በቆፈርነው ቦይ ላይ ሁለቱም «የውሃው ተራ የእኔ ነው» ተባባሉ፤ ከዚያ ዱላ ተነሳ። ላሊበላ ብናደርሰው በጋሸና በኩል ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ላኩን። ደሳለ ይተነፍሳል እንጂ ቢጠሩት አይሰማም።

ሐኪሟ ኤልሳቤጥ የምትባል ልጅ እግር ነች። ደሙን ቀድታ፣ ለጥናት በመጣ አዲስ መሣሪያ አስመረመረችና እኔንና የባሌን ታናሽ ወንድም ጋሻዬን ጠራችን።

«ጭንቅላት ሲመታ ከአንጎል ወደ ደም የሚገባ ነገር አለ» አለች። «መጠኑን ለክተን በሽተኛው ምን ያህል እንደሚያገግም እንገምታለን። የደሳለ በጣም ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ከሆነባቸው አብዛኞቹ አይነሱም፤ ቢነሱም አይናገሩም። ልደብቃችሁ አልፈልግም።»

«አብዛኞቹ ነው ያሉት፣ ዶክተር። የቀሩትስ?» አልኳት።

«ጥቂቶቹ ይድናሉ። ማን እንደሚድን ግን ደሙ አይነግረንም።»

እኔ ጥቂቶቹን ያዝኩ። ጋሻዬ «አይነሱም» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ። በእኛ አገር የቆሰለው ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ደም አይመለስም፤ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይዞ ይጠብቃል። ከሞተ ግን ወንድሙ ገዳዩን ካልገደለ አገሩ ሁሉ ይሰድበዋል። ጋሻዬ «ደሙ ተመርምሮ አለቀለት ተባለ» ብሎ አገር ቤት ደወለ፤ ራሱም በማግስቱ መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

እህቴን ይማርሽን ከባሌ አልጋ አጠገብ አስቀምጬ ተከተልኩት።

ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ ሊያቅፉኝ መጡ። ንዴት ዓይኔን ጋረደው። የድንኳኑን ገመድ ከካስማው ፈታሁት፤ ሸራው በለቀስተኛው ላይ ወረደ።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» አልኳቸው። «ባሌ ይተነፍሳል። የሚተነፍስ ሰው አይለቀስለትም። ንፍሮውን ብሉና ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

ጋሻዬ ጠመንጃውን አንግቶ ከቤት ሲወጣ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ዞር በይ፣ እትዬ ሰብሌ። ደሙ ራሱ አይነሳም ብሏል።»

«ደሙ የተናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፣ ስለ ደሳለ አይደለም። ዛሬ ታፈረን ገድለህ ነገ ወንድምህ ቢነቃ ምን ልትለው ነው?»

«ባይነቃስ?»

«እስኪቀበር ጠብቅ። ከዚያ በፊት የምትተኩስ ከሆነ ከእኔ ጀምር።»

ሐኪሟ ልክ ብትሆንስ? ፈርቻለሁ፤ ግን ከበሩ አልተነቃነቅኩም። በመሐል ሽማግሌያችን ቄስ ሀብተ ሥላሴ ደርሰው «አምጣ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሻዬ ጠመንጃውን ሰጥቷቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ።

ደሳለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነቃ። ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፣ ቃልም ይጠፋበታል። ኤልሳቤጥ «ከጥቂቶቹ ሆነልሽ» ብላ አቀፈችኝ። ቤት አምጥቼ «ውሃ፣ እሳት፣ በሬ» እያልኩ እንደ ፊደል ተማሪ አስቆጠርኩት። ሲናደድ ማንኪያውን ይወረውረዋል፤ እኔም አንስቼ እጁ ላይ አኖረዋለሁ።

ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቹ ከወይራ ዛፍ ሥር ለእርቅ ተቀመጡ። ታፈረ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ከባሌ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ልጄ ደሳለ» አሉ ቄስ ሀብተ ሥላሴ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር ትለዋለህ ወይ?»

የደሳለ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣውም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሻዬም ነገሩ ሰልችቶት ነበርና «እኔ በእሱ ፈንታ ይቅር ልበል፣ ጉዳዩ ይለቅ» አለ።

«ሕያው ሰው ወኪል አያሻውም» አልኩ። «ይጠበቅ።»

ጠበቅን። የወይራው ጥላ ሸሽቶን ፀሐይ ላይ ቀረን። ደሳለ ቀና ብሎ ታፈረን አየው።

«ይቅር... አልልም» አለ።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰብሌ፣ አንቺ ምከሪው እንጂ።»

«አባቴ፣ እኔም ይቅር እንዲል ነበር የምሻው። ግን የሞተ ሰው እንቢ አይልም።»

እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጡብኝ። አላፈርኩም። ታፈረ ድንጋዩን እንደተሸከመ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ያየኛል።

«አውርደውና ተነስ» አልኩት። «ነገ ጥማድህን ይዘህ መጥተህ እረስለት። ማታ ላይ ደግሞ ይቅር ይልህ እንደሆነ ራሱን ጠይቀው።»