ከሽፋኑ ግርጌ ያለው ስም

ጠዋት እንደ ወትሮዋ የምትሠራበትን የኮሌጁን የኅትመት ክፍል መስኮት ከፈተች፤ ማተሚያው ላይ ወረቀት ሞላች፤ ጠረጴዛው ሥር ያለውን አሮጌ ሰርቨር ቀሰቀሰችው። ከሒሳብ ክፍል የተላከ ፈተና ቀድሞ ወጣ። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት የሚወጣው የሽፋን ገጽ የላኪውን ክፍል ይናገራል፤ ከግርጌው ደግሞ የሰርቨሩ ኃላፊ ስም አለ። የባሏ ስም ነው። ሰርቨሩን ለኮሌጁ ያቆመው እሱ ነበር፤ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሽፋኑን ለሁለት አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው፤ እንደ ትናንቱ።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሰርቨር በካርቶን የተሸከመ ቴክኒሻን አስከትሎ ገባ።

«እህቴ፣ ከዚህ የሙዚየም ዕቃ ልንገላግልሽ መጣን።»

«አዲሱ የሁሉንም ክፍል ሥራ ይቀበላል?»

ቴክኒሻኑ ካርቶኑን አስቀምጦ አንገቱን አከከ። «የአዲሶቹን ኮምፒውተሮች ይቀበላል፣ እትዬ። የሥነ ጥበብና የሒሳብ ክፍሎች ሲስተማቸው ሌላ ስለሆነ በፍላሽ ያመላልሱ።»

«ነገ ፈተና ነው እኮ! ይኼኛው ዊንዶውስም ይላክለት፣ ማክም፣ ሊኑክስም፣ ማተሚያው በሚገባው ቋንቋ አድርጎ በየተራው ያቀብለዋል። ማንንም ‹አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?› ብሎ አያውቅም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ወረቀቱስ እዚህ ሞልቷል። ሞኙን ይፈልጉልኝ።»

ቴክኒሻኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሥራ አስኪያጁ ፊት ግን ጠቆረ።

«ቀልዱን ተይው። ባለቤት የሌለው መሣሪያ ከኔትወርክ ይነሳ የሚል መመሪያ አለ። የዚህ ኃላፊ ማነው? ሙት ነው!»

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ተናጋሪው ራሱ ደነገጠ።

«ይቅርታ፣ እንደሱ ለማለት ፈልጌ አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ጥፋቱ ስሙ ነው?»

የአሮጌውን ሰርቨር ገመድ ሊነቅል የያዘው ቴክኒሻን መለሰ፤ «በሥራ ላይ ያለ ሰው ስም ከገባበት መመሪያው አይነካውም፣ እትዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ገላመጠው። እሷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«እንግዲያው፣ ልጄ፣ እጅህን ከገመዱ ላይ አንሳ።»

ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀውን የይለፍ ቃል አስገባች። የባሏን ስም ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ማጥፋት ያዘች። አንድ ፊደል ሲቀር ጣቷ ቆመ። ከዚያ እሱንም አጠፋችና የራሷን ስም ጻፈች።

«ይኸው ኃላፊ። ከእንግዲህ ይህን የሚነቅል መጀመሪያ እኔን ይንቀል።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ዞረ። ቴክኒሻኑ ካርቶኑን መልሶ ተሸከመ።

የኅትመቱ ወረፋ ቀጠለ። የሥነ ጥበብ ክፍል ፈተና ወጣ፤ የሒሳብ ክፍል ሌላ ፈተና ወጣ፤ የሥራ አስኪያጁ የራሱ ደብዳቤም ተራውን ጠብቆ ወጣ። አዲሱን ሽፋን አነሳች፤ ግርጌውን አየችው። አላጠፈችውም። በጀርባው እንዲጻፍበት ከቁራጭ ወረቀቶቹ ጋር አኖረችው።

ሰርቨሩ አለ። ወረፋው አለ። የእሱ ስም የለም።