ነጭ ያልኋት ላም

በ1958 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወረታ ተመድቤ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። በጥቅምት አንድ ጠዋት ዲሬክተሩ አቶ መንግሥቴ ገብተው የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ድምፅዎ ከፊተኞቹ ልጆች አያልፍም አሉ» ብለውኝ ነበር ቀደም ሲል። «ዛሬ ሰምቼ እወስናለሁ። ካልሆነ ክፍሉን አቶ ደሳለው ይረከቡታል።»

የዕለቱ ቃል «ቲንት» ነበር። ሌላ ቀለም ላይ ጣል ያለ፣ ልብ ብለው ካላዩት የማይታይ ስስ ቀለም ማለት ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀይ የጽሕፈት ቀለም ጨመርሁ። ውሃው ቀላ አለ፤ ገባቸው። ቲንት የሌለውን ለማሳየት ደግሞ በመስኮቱ ሜዳው ላይ የምትግጥ ላም አመለከትሁ። ያቺ ላም ነጭ ናት፤ ምንም ቲንት የለባትም አልሁ በእንግሊዝኛ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ነጭ አይደለችም፣ ወይዘሪት» አለች ገላነሽ ብድግ ብላ፣ በአማርኛ። «የኛ ላም ናት።»

«እረኛዋ ተነሣች!» አለ የነጋዴው የአህመዲን ልጅ አማን።

«አንተ መጀመሪያ በሬን ከላም ለይ!» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «ማጅራቷ ላይ ቀላ ትላለች። ብትጠፋና አባቴ ገበያ መሀል ‹ነጭ ላም ያያችሁ› ብሎ ቢያስጮህ፣ አንድም ሰው አያመጣለትም።»

አቶ መንግሥቴ እስክሪብቷቸውን አነሡ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ክልክል ነው፤ እኔም አስተማሪዋ ተሳስቻለሁ። «ተቀመጪ» ብላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ተነሡ፣ ሄደን እንያት!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

ሜዳው ገና እርጥብ ነበር። ላሚቱ ሠላሳ ተማሪ ሲከባት ከሣሯ ቀና አላለችም። ፀሐዩ ያረፈበት ማጅራቷ፣ ሻይ ጠብ ያለበት ወተት ይመስላል።

«ወላሂ፣ ቀላ ትላለች» አለ አማን አጎንብሶ።

«በእንግሊዝኛ!» አልሁት።

ገላነሽ ቀደመችው። ቀይ ቲንት ያላት ነጭ ላም ናት አለች፣ ቃል ሳትስት። ከዚያ ማን ያቁማቸው። አንዱ ቀንዷን፣ አንዱ ሰኮናዋን፣ አማን ደግሞ የገላነሽን ነጠላ እየጠቀሰ የቲንት ዓረፍተ ነገር ሠራ። እኔም ከወዲያ ወዲህ እየጮህሁ አረምሁ።

ስንመለስ አቶ መንግሥቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ተሳስቼ ነበር» አልኋቸው።

«አዎ፤ ስሕተትዎም እርማትዎም እዚህ ድረስ ተሰምቷል» አሉኝ። «ክፍሉን ይቀጥሉበት።»